ድክ ድክ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት ታላላቆቹን ማስተማር

ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ሕፃንም ላላቸው ወላጆች ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው የትምህርት ፕሮግራም አውጥቶ ሕፃኑን በመሃል በመሃል ለማስገባት በመሞከር ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ሳምንት አያልፍም። ሕፃን ረሃቡንም እንቅልፉንም ማቆየት አይችልም። የ7 ዓመት ልጅ ግን ንባቡ ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ ቢዛወርበት ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚተከለው የሕፃኑ ሰዓት ነው፤ ትምህርቱ የሚገባው እሱ በሚተወው ክፍተት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሕጉን አረጋግጡ። ቤት ውስጥ ማስተማር በሁሉም አገር አይፈቀድም፤ ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የተከለከለ ነው። በሚፈቀድባቸው አገሮችም ምዝገባ፣ ፈተና ወይም የሥራ መዝገብ ሊጠየቅ ይችላል።

1. የሕፃኑን ሰዓት መዝግቡ

አምስት ቀን ሙሉ ምንም አታስተካክሉ፤ መዝግቡ ብቻ። አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ከፍላችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፦ ሰዓቱ፣ ምን እንዳደረገ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ። መቼ እንደተነሣ፣ መቼ እንደበላ፣ መቼ እንደተነጫነጨ፣ መቼ ብቻውን እንደተጫወተ፣ መቼ እንደተኛና ስንት ሰዓት እንደተኛ ጻፉ። ሌላ ዝርዝር አያስፈልግም።

በአምስተኛው ቀን ወረቀቱን ስታዩ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍተቶች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ከቁርስ በኋላ ያለው፣ ጠግቦና ደስ ብሎት የሚጫወትበት ነው። ሁለተኛው የቀን እንቅልፉ ነው። ሦስተኛው ማታ ሌላ አዋቂ ቤት ሲገባ ወይም ሕፃኑ ሲተኛ ይገኛል። መነጫነጩም የራሱ ሰዓት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓትና እንቅልፍ ሊመጣ ሲል ነው። በእነዚያ ሰዓቶች ምንም ዓይነት ትምህርት አታስቡ።

ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት። አብዛኞቹ ሕፃናት በ1 ዓመትና በ1 ዓመት ተኩል መካከል ሁለቱን የቀን እንቅልፍ ወደ አንድ ያመጣሉ። ያ ሽግግር ጥቂት ሳምንታት የሚወስድ ምስቅልቅል ነው፤ አንድ ቀን ሁለቴ ይተኛል፣ በማግስቱ አንዴ። በዚያ ወቅት አዲስ ፕሮግራም አትጀምሩ። ሕፃኑ ሲረጋጋ አምስቱን ቀን እንደገና መዝግቡ፤ ከዚያም በኋላ በየሦስትና አራት ወሩ ድገሙት።

2. ትምህርቱን በሚጠይቀው እጅ ለዩት

ትምህርቶችን በስማቸው ሳይሆን ከእናንተ በሚፈልጉት ነገር በሦስት ክፈሏቸው።

ሀ. ዓይናችሁንም ጆሯችሁንም የሚፈልጉ። አዲስ ፊደል ወይም አዲስ የንባብ ትምህርት፣ አዲስ የሂሳብ ስሌት፣ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ ማረም።

ለ. አጠገቡ መሆናችሁ ብቻ የሚበቃው። የቁም ጽሕፈት ልምምድ፣ የሚያውቀውን ስሌት መደጋገም፣ ሥዕል፣ ካርታ ማቅለም፣ የሚችለውን መጽሐፍ ለብቻው ማንበብ።

ሐ. ሕፃኑም የሚገባበት። ጮክ ብሎ ተረት ማንበብ፣ መዝሙር፣ በቃል መቁጠር፣ ውጭ ወጥቶ ቅጠልና ነፍሳት ማየት፣ ምግብ ሲዘጋጅ መለካት።

የሀ ትምህርት ወደ እንቅልፍ ሰዓት ይሄዳል። የ"ለ" ትምህርት ሕፃኑ ብቻውን በሚጫወትበት ክፍተት ውስጥ ይገባል። የሐ ትምህርት ደግሞ ምግብ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ከመኝታ በፊት፣ የትም ይሆናል። አንድ ቤት ውስጥ ነገር ሲበላሽ በአብዛኛው ምክንያቱ የሀ ትምህርት ሕፃኑ በነቃበት ሰዓት መሰጠቱ ነው። ያን ጊዜ ታላቁ አዲሱን ነገር አይይዘውም፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ወላጁም ሁለቱን ይቆጣል። ከሦስቱ አንዳቸውም ጥፋተኛ አይደሉም፤ የተሳሳተው ሰዓቱ ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላለ ልጅ አንድ ትምህርት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ለ8 እና 9 ዓመት ልጅ ደግሞ እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። የ6 ዓመት ልጅን አንድ ቀን ደምሩት፦ ንባብ 15፣ ሂሳብ 15፣ ጽሕፈት 10፣ ጮክ ብሎ የሚነበብለት 20። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የእናንተን ሙሉ ትኩረት የሚፈልገው 30 ደቂቃ ብቻ። ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚወስደው ተማሪው ብዙ በመሆኑ ነው፤ አንድ ለአንድ ሲሆን ሰዓቱ በጣም ያጥራል። ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ ልጅ በወረቀት ሥሩት። ቀኑ አልበቃ ያለ ሲመስላችሁ ያረጋጋችኋል።

3. ክፍሉን አዘጋጁ

ታላቁ ከፍ ብሎ፣ ትንሹ ዝቅ ብሎ መሥራት አለባቸው። ታላቁ ሕፃኑ ሊደርስበት የማይችል ጠረጴዛ ላይ፣ ወንበሩን በግድግዳው በኩል አድርጎ ይቀመጥ፤ ሕፃኑ ለመድረስ እናንተን አልፎ ይመጣል። ሌላው አማራጭ ታላቁ ቁሞ እንዲሠራ በደረቱ ከፍታ ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ መስቀል ነው። መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሠራ ትምህርት ግን ሕፃኑ እስኪተኛ ይቆይ።

ለሕፃኑ "ተው" የማይባልበት አንድ ጥግ ያስፈልገዋል፤ በግምት 2 ሜትር በ2 ሜትር። ከዚያ ጥግ ውስጥ እያንዳንዱን ነገር ተንበርክካችሁ በእሱ ቁመት እዩት። መደርደሪያውን በብሎን ከግድግዳ ጋር እሰሩት፤ ከባዱ መጽሐፍ ከታች ይሁን፤ ሕፃን መደርደሪያን እንደ መሰላል ነው የሚያየው። ሶኬቱን ሸፍኑ፣ የመጋረጃና የቻርጀር ገመድ ከእጁ አርቁ። ትኩስ መጠጥ ይዛችሁ አጠገቡ አትቀመጡ።

አሁን ደግሞ የትምህርት ቤት ዕቃ በሕፃን ላይ የሚያመጣው አደጋ አለ፤ ይህ በደንብ ሊታይ ይገባል።

መታነቅ፦ ካለቀ የመጸዳጃ ወረቀት የሚተርፈውን የካርቶን ቱቦ አስቀምጡ፤ ስፋቱ ወደ 4 ሴንቲሜትር ነው። በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የታላቁ መቁጠሪያ ጠጠር፣ ዶቃ፣ የማርከር ክዳን፣ ላጲስ፣ ሳንቲም ሁሉም ያልፋሉ። ደረቅ ጥራጥሬ ለመቁጠር ብዙ ቤት ይጠቀማል፤ ነገር ግን ሕፃን አፍንጫው ወይም ጆሮው ውስጥ ይከተዋል፤ ርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ያብጥና ማውጣቱ ይከብዳል። መቁጠሪያው ክዳኑ ጠምዝዘው በሚዘጉት ዕቃ ውስጥ ይሁን፣ የእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ይውጣ። በተረፈው ጊዜ ከቱቦው በሚበልጡ የእንጨት ጡቦች ወይም ወረቀት ላይ በሚሣል ክብ ይቆጠር።

ማግኔት፦ ለሳይንስ ትምህርት የሚገዙ ትናንሽና ኃይለኛ ማግኔቶች ሁለትና ከዚያ በላይ ከተዋጡ አንጀትን ከሁለት በኩል ይዘው እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ አንጀቱን ሊበሱት ይችላሉ። ሕፃን ባለበት ቤት ባይገቡ ይሻላል።

ክብ ባትሪ፦ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ በሪሞት፣ ድምፅ በሚያሰሙ መጻሕፍትና መብራት ባላቸው መጫወቻዎች ውስጥ አለ። ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ዕቃ አትግዙ። ሕፃኑ እንደዋጠ ከተጠረጠረ እስኪያመው ሳትጠብቁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

4. የትምህርት ሰዓት ሣጥኖችን አሰናዱ

አምስት ሣጥን ወይም ካርቶን አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን አንድ። በእያንዳንዱ ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት ነገር በላይ አታስገቡ። ሣጥኖቹ የሚወጡት በትምህርት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሲያበቃ ተዘግተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይወጣሉ። ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ የዋለ መጫወቻ ሕፃኑን አይዝም። የሚይዘው ለሳምንት ያላየው ነው። ስለዚህ የሣጥኑ ዋጋ ውስጡ ባለው ነገር ብቻ ሳይሆን በመጥፋቱም ጭምር ነው።

ከቤት ዕቃ የሚሠሩ፣ ሕፃናትን በደንብ የሚይዙ አንዳንዶቹ እነሆ።

የማስገቢያ ቆርቆሮ፦ ጫፉ የማይቆርጥ፣ የፕላስቲክ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውሰዱ። ክዳኑ ላይ 7 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 1 ሴንቲሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቀዳዳ ቅደዱ። ስፋታቸው ከ5 ሴንቲሜትር በላይ፣ ከ7 ሴንቲሜትር በታች የሆነ አሥር የብርጭቆ ዕቃ ክዳኖች ስጡት። አንድ በአንድ ሲከት ቆርቆሮው ይጮሃል፤ ሲሞላ ከፍታችሁ ትደፉለታላችሁ፤ እንደገና ይጀምራል። ከ1 ዓመት ከ3 ወር ጀምሮ ይሆናል። ቀዳዳው ጠቦ ክዳኑ እምቢ ካለው ይናደዳል፤ ሰፍቶ በቀላሉ ከገባ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ይሰለቸዋል። ትንሽ አዙሮ፣ አቅንቶ ሲያስገባው ነው ልኩ።

የጨርቅ ሳጥን፦ ባለቀ የሶፍት ካርቶን ውስጥ 20 በ20 ሴንቲሜትር የተቆረጡ አሥር የተለያየ ቀለም ጨርቆች። አያይዛችሁ አትቋጥሯቸው፤ ረጅም ሲሆን አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

ተለጣፊ ፕላስተር፦ ወረቀት መሰሉን ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ፕላስተር በ10 ሴንቲሜትር እየቆረጣችሁ ከፍ ባለው የሕፃን ወንበር ገበታ ላይ ለጥፉ፤ ጫፉን ትንሽ አንሡለት። ሲልጥ ይቆያል። የላጠውን ግን ቁጠሩና ሰብስቡ፤ አፉ ውስጥ የሚያስገባ ከሆነ አይሆንለትም።

ክዳንና ዕቃ፦ መጠናቸው የተለያየ አራት የፕላስቲክ ዕቃዎች ከነክዳናቸው። ለ2 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም ማለት ይቻላል።

ሊጥ፦ 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ሦስት አራተኛ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ እሹት። ከተጣበቀ ዱቄት፣ ከተሰነጣጠቀ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩ። በደንብ በሚከደን ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ሽታው ሲለወጥ ወይም ሲሻግት ጣሉት። ጨው ብዙ ስላለበት ያገኘውን ሁሉ አፉ ለሚከት ሕፃን አይሆንም። ብዙ ጨው ለሕፃን አደገኛ ነው፤ ቢያንስ 2 ዓመት እስኪሞላውና መቅመሱን እስኪተው ጠብቁ።

የውኃ ጨዋታ ሕፃንን ከሁሉ በላይ ይይዛል፤ ግን ሕፃን በጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ ሣጥን ውስጥ አይገባም። እጃችሁን ዘርግታችሁ በምትይዙት ርቀት ላይ ካልሆናችሁ አይሰጥም። የሚመቸው በቃል ለሚጠና ነገር ነው፤ ትንሹ ከፊታችሁ ባለ ትሪ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ውኃ ሲያንቆረቁር ታላቁ የማባዛት ሰንጠረዡን ይወጣል፤ ዓይናችሁ ሕፃኑ ላይ፣ ጆሯችሁ ታላቁ ጋ።

ስንት ደቂቃ ይይዘዋል? የ2 ዓመት ልጅ በአንድ ነገር ላይ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ሦስት ነገር ያለው ሣጥን አንድ በአንድ ከተሰጠው 15 ደቂቃ ያህል ያስገኝላችኋል፤ ሙሉውን አንድ ላይ ከደፋችሁለት ግን አምስት ደቂቃ። ስለዚህ ሣጥኑ ከእናንተ አጠገብ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው የሚወጣው ከመጀመሪያው ሲሰለች ነው። ማልቀስ እስኪጀምር አትጠብቁ፤ ዕቃውን ወርወር ማድረግና ዞር ዞር ማለት የመሰልቸት ምልክት ነው።

ስልክና ቴሌቪዥንን በዚህ ቦታ ባታስገቡ ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ሕፃን ምንም ዓይነት የስክሪን ጊዜ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሲያንስም እንደሚሻል ያሳስባል። ከዚህም ሌላ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስክሪን ከተከፈተ ትምህርቱ ላይ ያለው ታላቁ ልጅ ቀድሞ ዓይኑን ይሰጠዋል።

5. መጀመሪያ ትንሹን አጥግቡት

ከቁርስ በኋላ ታላላቆቹን ለትምህርት ከመጥራታችሁ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለትንሹ ብቻ ስጡ። ስልክ ሳትይዙ፣ ዕቃ ሳታጥቡ፣ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ። መጽሐፍ አገላብጡለት፣ ጡብ ደርድሩለት፣ ያፍርሰው። ዳይፐሩን ቀይሩ ወይም ፖፖ ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ውኃ አጠጡት። ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ስትሰጡት የጎደለው ነገር ስለሌለ ይቀመጣል። ብዙ ወላጅ ይህን እየዘለለ ቀጥታ ወደ ትምህርት ይገባል፤ 20 ደቂቃ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ሕፃኑ ግን ያንን 20 ደቂቃ ቆራርጦ፣ በልቅሶ አጅቦ ይወስደዋል። እዚህ መመሪያ ውስጥ ካለው አንድ ነገር ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ይህን ሞክሩ።

አንድ ቀን በዚህ መልኩ ሊሄድ ይችላል፤ ሰዓቶቹን በመዘገባችሁት ወረቀት መሠረት ለውጡ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት፦ ቁርስ። ሁሉም አፉ ሥራ ላይ ስለሆነ ታሪክ ወይም ተረት የምታነቡበት ጥሩ ሰዓት ነው።

2፡40፦ ትንሹን ብቻ።

3፡00፦ ሣጥን ለትንሹ፤ ጽሕፈትና የለመዱት ሂሳብ ለታላላቆቹ። ከ25 ደቂቃ በላይ አትሂዱ። ነገሩ ጥሩ ሲሄድም እንኳ አቁሙ፤ በሰላም ያለቀ ክፍለ ጊዜ ለነገው ይጠቅማል።

3፡30፦ ሁሉም ውጭ። መሮጥ፣ መክሰስ፣ ቅጠል መሰብሰብ።

5፡00፦ ምግብ ሲዘጋጅ መቁጠር፣ መለካት፣ መዝሙር።

6፡00፦ ምሳ።

6፡45፦ ትንሹ ይተኛል፤ የሀ ትምህርት ይጀመራል።

ስለ እንቅልፉ ሰዓት ጠንከር ብለን እንናገራለን። ሕፃኑ ዓይኑን እንደከደነ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ነው፤ ግማሽ ሰዓቱ እዚያ ያልቃል፤ "ኑ እንግዲህ" ሲባል አንዱ እርሳሱን፣ ሌላው ደብተሩን ይፈልጋል፤ መጽሐፉ በተከፈተ በአሥር ደቂቃ ሕፃኑ ይነቃል። ስለዚህ ምሳ ከመቅረቡ በፊት መጽሐፉ ገጹ ተከፍቶ፣ እርሳሱ ተቀርጾ፣ ጠረጴዛ ላይ ይዋል። ሕፃኑን ስታስተኙ ታላላቆቹ ጸጥ ብለው የሚሠሩት የ"ለ" ሥራ ይኑራቸው። በሩ እንደተዘጋ ከታናሹ ተማሪ ጀምሩ፤ ቶሎ የሚደክመው እሱ ነውና። ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ። የተረፈው ጊዜ የእናንተ ነው፦ ተቀመጡ፣ ጋደም በሉ። ዕቃው ሕፃኑ ነቅቶም ይታጠባል።

6. ትንሹን ማለማመድ፣ ታላላቆቹን ማሠልጠን

ብቻውን መጫወት የሚለመድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሣጥኑን ስጡትና አጠገቡ ተቀመጡ፣ አትጫወቱለት። በሁለተኛው አንድ ሜትር ራቁ፣ ደብተር ይዛችሁ 3 ደቂቃ። ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ 2 ደቂቃ ጨምሩ። ካለቀሰ ወደ ቀድሞው ርቀት ተመለሱ፤ እዚያ ሁለት ቀን ቆዩ። "አምስት ደቂቃ" ቢባል አይገባውም፤ ቅደም ተከተል ግን ይገባዋል፦ "መጀመሪያ ሣጥን፣ ከዚያ ውጭ።" ሁልጊዜ በዚሁ ቃል ንገሩት፤ ከሣጥኑም በኋላ በእርግጥ ውጡ። ሳትወጡ ከቀራችሁ ቃሉ ዋጋ ያጣል።

ታላላቆቹ መማር ያለባቸው ሲቸገሩ ምን እንደሚያደርጉ ነው። አራት ነገር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ሥላችሁ ለጥፉ፦ ጥያቄውን አንድ ጊዜ እንደገና አንብብ፤ አጠገቡ ምልክት አድርገህ ወደሚቀጥለው እለፍ፤ የቀረህ ከሌለ ሥዕል ሣል፤ እናትህን ወይም አባትህን ከፈለግህ እጅህን ክንዳቸው ላይ አድርገህ ጠብቅ። ልጁ እጁን ሲያኖር የእናንተን እጅ በላዩ ላይ አኑሩ፤ እንደታየ ያውቃል። መጀመሪያ ላይ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አታስጠብቁት።

ሁለትና ከዚያ በላይ ተማሪ ካላችሁ በተራ ማድረግ ይቻላል፦ አንዱ ሲማር ሌላው 15 ደቂቃ ትንሹን ያጫውታል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ይህ የሚሆነው እናንተ ባላችሁበት ክፍል ውስጥ ወይም በዓይናችሁ ሥር ብቻ ነው። የ8 ዓመት ልጅ አጫዋች እንጂ ጠባቂ አይደለም፤ ማጠብ፣ ማብላት፣ ደረጃ ላይ መጠበቅ የእሱ ሥራ አይደለም። ሁልጊዜ አንዱ ልጅ ብቻ፣ በተለይ ሴቷ፣ እንዳይጫንባት ተራውን ጻፉ።

7. የሚበላሸውና ምክንያቱ

ትንሹ የታላቁን ደብተር ይነጥቃል፣ ይቀድዳል። የሚፈልገው ደብተሩን ሳይሆን እናንተ የምታዩትን ነገር ነው። ልባሱ ከታላቁ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የራሱ ደብተርና ወፍራም የሰም ቀለም ስጡት፤ ከታላቁ ጋር እኩል አውጡለት፣ እኩል አስቀምጡለት። አንድ ቀለም ብቻ በአንድ ጊዜ፤ አሥር ሲሰጠው መበተኑ ሥራ ይሆንበታል። ማርከር አትስጡት።

ታላቁ ትንሹን ያማርራል፤ "ሁልጊዜ እሱ ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የተቀደደው ሥራ ትንሽ ቢሆንም ለእሱ ትልቅ ነው፤ "ሕፃን እኮ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ያለቀ ሥራ የሚቀመጥበት፣ ሕፃን የማይደርስበት አንድ መሳቢያ ስጡት።

ሕፃኑ ምግብ ወንበሩ ላይ እየበላ ሳለ ለማስተማር ትሞክራላችሁ። ሊሆን ይችላል፤ ግን ምግቡን ምረጡ። ድፍን የወይን ፍሬ፣ ለውዝ፣ ፈንድሻ፣ የጥሬ ካሮት ጉርድ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያንቃሉ፤ ወይኑ በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ፣ ካሮቱ ይቀቀል። የሚታነቅ ልጅ ድምፅ ላያወጣ ይችላልና ጀርባችሁን አትስጡት።

የቀን እንቅልፉን አቋረጠ። ብዙዎች በ3 እና በ5 ዓመት መካከል ይተዉታል፣ አንዳንዶች ቀደም ብለው። ሰዓቱን ግን አትልቀቁት፤ ወደ ጸጥታ ሰዓት ለውጡት። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አልጋ፣ መጋረጃው ተስቦ፣ ሁለት መጽሐፍና አንድ ለስላሳ መጫወቻ ይዞ። በ10 ደቂቃ ጀምሩ፤ በየሦስት ቀኑ 5 ደቂቃ ጨምሩ፤ 45 ደቂቃ ላይ አቁሙ። አንዳንዱ ቀን ይተኛል፤ ያን ቀን ማታ የሚተኛበት ሰዓት ትንሽ ሊዘገይ እንደሚችል ጠብቁ።

ሁሉ ነገር ተሞክሮ ሕፃኑ ዛሬ እምቢ ብሏል። ጥርስ እያወጣ፣ ጉንፋን ይዞት ወይም ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ቀን አስቀድማችሁ ያዘጋጃችሁት አጭር ፕሮግራም ይኑር፦ ታላቁ 10 ደቂቃ ያንብብላችሁ፣ 10 ደቂቃ በቃል ሂሳብ፣ ከዚያ ሁላችሁም አንድ ላይ ተቀምጣችሁ 20 ደቂቃ ተረት። ሕፃኑ ታቅፎ፣ ታዝሎ ሁሉም ይሠራል። ይህ ሙሉ የትምህርት ቀን ነው፤ በመዝገቡም እንደ ትምህርት ቀን ይጻፍ። እንዲህ ያለው ቀን በተከታታይ ከአንድ ሳምንት በላይ ከሄደ ግን የሕፃኑ ሰዓት ተለውጧል ማለት ነው፤ ወረቀቱን አውጥታችሁ እንደገና መዝግቡ።

8. መዝገብ

ዕቅድ አስቀድሞ በዝርዝር መጻፍ ሕፃን ባለበት ቤት ድካም ብቻ ነው። የሠራችሁትን ማታ ጻፉ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት መስመር፤ ምን እንዳነበበ ከነገጹ፣ በሂሳብ የቱ ጋ እንደደረሰ፣ የከበደው ምን እንደሆነ። ሦስተኛው መስመር የነገ የእንቅልፍ ሰዓት ትምህርት መነሻ ነው። በወር አንዴ ከየልጁ አንድ የጽሕፈትና አንድ የሂሳብ ወረቀት ቀኑን ጽፋችሁ ክላሰር ውስጥ አኑሩ። ሣጥኖቹን ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ክፈቱ፤ በዚያ ሳምንት ያልነካውን አውጡ፣ ከታላላቆቹ ዕቃ ወደ ሕፃኑ ሣጥን የገባ ትንሽ ነገር ካለ በቱቦው ፈትሹ።